«የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም»፦ የተመሰጠረ ባክአፕ ለምን አልከፈት ይላል?

ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚቀርብላችሁ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ ከፍሮግታውን ሰፈር ነው።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የብዙ ሰው ቤት የገባ ችግር ነው። ስልካችን ወይም ኮምፒውተራችን ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ፣ ቢበላሽ ብለን የፎቷችንንና የሰነዳችንን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ማለትም ባክአፕ፣ እናስቀምጣለን። ሌላ ሰው እንዳያየውም በይለፍ ቃል እናስመሰጥረዋለን። የፈራነው ቀን ሲደርስ ባክአፑን ልንከፍት እንሄዳለን፤ የይለፍ ቃሉን እንጽፋለን። መልሱ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ይሆናል። ደግመን እንጽፋለን፣ ያው ነው። የይለፍ ቃሉን እንደ ስማችን እናውቀዋለን፤ ፕሮግራሙ ግን አላውቀውም ይላል። ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነና እንዴት እንደሚመጣ ዛሬ በደንብ እንነጋገርበታለን።

እዚሁ ከተማችን ከደረሰው እንነሳ። ጁላይ 25 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሴንት ፖል ከተማ አስተዳደር ኮምፒውተሮች ላይ ጥቃት መድረሱ ታወቀ። አስተዳደሩ ጉዳቱ እንዳይስፋፋ የመረጃ መረቡን ራሱ ዘጋው። በከተማው ሕንፃዎችና በቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ ተቋረጠ፣ በኢንተርኔት ሂሳብ መክፈል ቆመ፤ የ911 ጥሪ ግን አልተቋረጠም። ከአራት ቀን በኋላ በወቅቱ ከንቲባ የነበሩት ሜልቪን ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፣ አገረ ገዥው ቲም ዋልዝም የናሽናል ጋርድ የሳይበር ባለሙያዎችን አሰማሩ። ኢንተርሎክ የተባለው የዘራፊዎች ቡድን ገንዘብ ጠየቀ። ከተማው አልከፍልም አለ፤ ቡድኑም 43 ጊጋባይት የሚሆን የሰረቀውን ፋይል ለዓለም ሁሉ ለቀቀው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ወደ 3,500 የሚጠጉ የከተማው ሠራተኞች በሮይ ዊልኪንስ አዳራሽ በአካል እየቀረቡ የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ ተደረገ። እነዚያ ሠራተኞች የቀድሞውን የይለፍ ቃል ባያስታውሱት እንኳ የሚጎድልባቸው ነገር አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የሚጠይቀው «ማን ነህ?» ብሎ ነው፤ ያንን ጥያቄ በመታወቂያም፣ በአካል በመታየትም፣ በአለቃ ምስክርነትም መመለስ ይቻላል። የባንክ ሂሳባችሁና ኢሜይላችሁም እንዲሁ ናቸው። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ስትነኩ ሊከፍትላችሁ የሚችል አካል ከወዲያ በኩል አለ።

የተመሰጠረ ባክአፕ ላይ እንዲህ ያለ አካል የለም። መታወቂያ የሚቀበል ሰው፣ የሚደወልበት ስልክ፣ የሚለመን ኃላፊ የለም። ባክአፑ ማንነታችሁን አይጠይቅም፣ ሊያውቀውም አይችልም። የይለፍ ቃሉ ራሱ ቁልፉ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው፤ እሱ ከጠፋ ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያም ቢሆን ሊከፍተው አይችልም። ብዙ ሰው የሚያዝነው እነዚህ ሁለቱ የይለፍ ቃሎች አንድ ስለሚመስሉት ነው። በሁለቱም ቦታ የሚታየው ያው አንድ ባዶ ሳጥንና «የይለፍ ቃል ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ነውና አይፈረድበትም።

ውስጡን ቀስ ብለን እንየው። ፕሮግራሙ ባክአፑን ሲሠራ በመጀመሪያ በዘፈቀደ አንድ በጣም ረጅም ቁጥር ይፈጥራል፤ ብዙውን ጊዜ 256 ቢት ነው። ፋይላችሁን ሁሉ የሚመሰጥረው በዚህ ቁጥር ነው። ቀጥሎ እናንተ የጻፋችሁትን የይለፍ ቃል ወስዶ ብዙ ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዱም በመቶ ሺዎች ጊዜ፣ እየደጋገመ በስሌት ያሸዋል። ከዚያ የሚወጣው ውጤት ያንን ረጅም ቁጥር ይቆልፈዋል፤ የተቆለፈው ቁጥርም በባክአፑ መግቢያ ላይ ይቀመጣል። የይለፍ ቃላችሁ ግን በባክአፑ ውስጥ የትም አይጻፍም። ስሌቱ የሚደጋገመው ሆን ተብሎ ነው፤ ባክአፑን የሰረቀ ሰው በሰከንድ ሚሊዮን ግምት እንዳይሞክር ለማዘግየት። በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሳው ኤስክሪፕት የተባለው ስልት ኮሊን ፐርሲቫል በ2009 ታርስናፕ ለተባለው የባክአፕ አገልግሎት የሠራው ነው። ዘዴው ስሌቱ ብዙ ሜሞሪ እንዲፈጅ ማድረግ ነበር። በ2015 ደግሞ አርጎን2 የተባለው ስልት በዓለም አቀፍ ውድድር አሸንፎ ዛሬ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል።

ልትከፍቱ ስትመጡ ፕሮግራሙ የጻፋችሁትን በዚያው ስሌት ያሳልፈዋል። የወጣው ውጤት የተቆለፈውን ቁጥር ከፈተው ወይስ አልከፈተውም? ማረጋገጫው ይህ ብቻ ነው። «ለጥቂት ሳታችሁ» ብሎ ነገር የለም፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ይበልጥ ልታስተውሉት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ የባክአፑ መግቢያ ተበላሽቶ ከሆነም ፕሮግራሙ የሚያየው ያንኑ «አልተከፈተም» የሚል ውጤት ነው። ስህተቱ ከእናንተ ይሁን ከፋይሉ ለይቶ አያውቅም። ቬራክሪፕት የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ይህንን በግልጽ ይናገራል፤ አልከፍት ሲል የይለፍ ቃሉ ተሳስቶ ይሆናል፣ ወይም ፋይሉ ራሱ ትክክለኛ ላይሆን ይችላል ብሎ ሁለቱንም ይዘረዝራል። ብዙዎቹ ግን ጥፋቱን በቀጥታ በተጠቃሚው ላይ ይጥላሉ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የማየው። ፋይሉ የተበላሸበት ሰው የይለፍ ቃል ሲገምት ወራት እንዲያባክን ያደርጋልና።

የተገላቢጦሹም ይደርሳል። በዚፕ ፋይል የድሮው ምስጠራ፣ የይለፍ ቃል የሚጣራው በአንድ ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ256 የተሳሳቱ የይለፍ ቃሎች አንዱ እንደ ትክክለኛ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ፋይሉ የተከፈተ ይመስላል፤ የሚወጣው ግን የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው። አዲሱ የዊንዚፕ አሠራር ሁለት ባይት ስለሚጠቀም ዕድሉ ከ65,536 ወደ አንድ ዝቅ ብሏል፤ በተጨማሪም መጨረሻ ላይ ይዘቱን የሚያጣራበት ሌላ ማረጋገጫ አለው።

አሁን በፕሮግራሞቹ መመሪያ ላይ ተጽፎ ወደማታገኙት፣ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ወደሚመለከተው ምክንያት እንምጣ። የይለፍ ቃላችሁን በአማርኛ ፊደል አውጥታችሁት ከሆነ በጥሞና አድምጡ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ሃሌታው ሀ 4608 ነው፣ ሐመሩ ሐ 4624 ነው፣ ብዙኃኑ ኀ 4736 ነው። ለጆሯችን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሀ እና በለ መካከል ካለው አያንስም። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ ናቸው።

አንዲት እናት የይለፍ ቃሏን «ዓለምፀሐይ» ብላ አወጣች እንበል። የመጀመሪያው ፊደል በአራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። ፀ በሁለት፤ ሐ ደግሞ በስድስት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። አራት በሁለት በስድስት ሲባዛ 48 ይመጣል። ሁለቱን ቃላት አገናኝታ፣ ወይም በባዶ ቦታ ለያይታ፣ ወይም ሁለት ነጥብ አድርጋ ጽፋ ሊሆን ስለሚችል 48 በሦስት ሲባዛ 144 ይሆናል። 144ቱም ሲነበቡ አንድ ስም ናቸው፤ ባክአፑን የሚከፍተው ግን አንዱ ብቻ ነው። እሷም የይለፍ ቃሉን በልቧ ታውቀዋለች፤ አልረሳችውም። የጠፋባት ያን ቀን ጣቷ የትኛውን ሀ እንደነካ ነው። ሳጥኑ ደግሞ የሚያሳያት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነበር።

ዩኒኮድ ምልክት ለሚጫንባቸው የአውሮፓ ፊደላት ሁለት አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጣ ደንብ አለው፤ ጥሩ ፕሮግራሞችም ይጠቀሙበታል። ለእኛ ሞክሼ ፊደላት ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ በግእዝ የትርጉም ልዩነት ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸውና ሊኖርም አይገባም። በዚያ ላይ አዲስ ስልክ የባክአፑን የይለፍ ቃል የሚጠይቃችሁ ገና ሲዘጋጅ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጫንበት ሊሆን ይችላል። ቬራክሪፕትም ኮምፒውተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል የሚቀበለው በአሜሪካ የኪቦርድ አቀማመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደላችንን እንደ ዓይኔ ብሌን የምወድ ብሆንም፣ ለባክአፕ የይለፍ ቃል በአማርኛ ፊደል አታውጡ ብዬ እመክራለሁ። ቀድሞ ላወጣችሁት ግን ተስፋ አለ። የሞክሼዎቹ ብዛት ውሱን ስለሆነ ሁሉንም አማራጭ ወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ አንድ በአንድ መሞከር ትችላላችሁ። 144 ሙከራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ የሙከራ ገደብ እስከሌለው ድረስ።

አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የምንጽፍም ከዚህ አናመልጥም፤ አንዱን ስም ዛሬ በአንድ አጻጻፍ፣ ነገ በሌላ እንጽፈዋለን። የትውልድ ዓመት የጨመረ ሰው ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደነበር ያስታውስ፤ 1975 ነው ወይስ 1983? ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንገባ ወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎልን የምንኖር ነን፤ የትኛውን ልደት እንደጻፍን መለየት ያስፈልጋል። ሌሎች ወጥመዶችም አሉ፦ የይለፍ ቃሉ ከኢሜይል ተቀድቶ ሲለጠፍ ከጫፉ ላይ የሚከተል ባዶ ቦታ አለ። ለሌላ ድረ ገጽ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃል ሳትጠይቁት የሚሞላ ብራውዘርም አለ።

ወደ ስልክ እንምጣ፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚያ ነው። ዋትስአፕ በ2021 የባክአፕ ምስጠራ ጀመረ። ተጠቃሚው የራሱን የይለፍ ቃል ያወጣል፣ ወይም 64 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይይዛል። የይለፍ ቃል ካወጣችሁ ቁልፉ በተለየ መሣሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያ መሣሪያ የተሳሳቱ ሙከራዎችን ይቆጥራል፣ ከገደቡ ካለፈም ቁልፉን ለዘለዓለም ይዘጋዋል። ቅድም ያልኳችሁን ዝርዝር እየያዛችሁ መሞከር እዚህ ላይ አደገኛ ነው። አሮጌው ስልክ በእጃችሁ ሳለ፣ መልእክቶቹም ሲታዩ፣ በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ ኮድ አረጋግጣችሁ አዲስ የይለፍ ቃል ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ አሮጌውን ስልክ ለአገር ቤት ዘመድ ከመላካችሁ፣ አጥፍታችሁም ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ከአንድሮይድ 9 ወዲህ፣ ማለትም ከ2018 ጀምሮ፣ ጉግል ላይ የሚቀመጠው ባክአፕ የሚመሰጠረው በስልኩ የስክሪን መክፈቻ ነው። አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ባክአፑን ስትመልሱ የሚጠየቀው የአሮጌው ስልክ ፒን ወይም በጣት የሚሣለው መክፈቻ ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ የጂሜይሉን የይለፍ ቃል ሲደጋግም ይውላል።

የአይፎን ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ የምታስቀምጡት የተመሰጠረ ባክአፕ የራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ ከአፕል መለያችሁ የተለየ ነው። «እኔ እንዲህ ያለ የይለፍ ቃል አውጥቼ አላውቅም» የሚል ሰው በመጀመሪያ የስልኩን መክፈቻ ኮድ፣ ከዚያ የአፕል መለያውን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን የሚከፍትበትን ይሞክር፤ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው። ካልሆነ ከአይኦኤስ 11 ወዲህ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሴቲንጎችን ብቻ ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን በመምረጥ የባክአፑን የይለፍ ቃል ማስወገድ ይቻላል። ፎቶና መልእክት አይጠፋም። ከዚያ በኋላ አዲስ ባክአፕ መሥራት ትችላላችሁ፤ አሮጌው ግን አሮጌውን የይለፍ ቃል እንደጠየቀ ይቀራል።

በኮምፒውተርና በሃርድ ዲስክ ለምትሠሩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቦርግን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ቁልፉን ከባክአፑ ለይተው በኮምፒውተራችሁ ላይ በተለየ ፋይል እንዲያስቀምጡ ማዘዝ ይቻላል። ላፕቶፑ ሲሰረቅ ያ ፋይል አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሉን ማወቅ ብቻውን ምንም አይፈይድም። የቁልፉን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መክፈት ነው። ሁሉም ነገር መቆለፍ አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ከእኛ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኮሌጅቪል፣ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀርቶ አንዱ ወደዚህ ወደ ሚኒሶታ መጣ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ከተሰደዱ በኋላ በ1976 ወደዚያ መጥተው፣ ለአሥርታት መጻሕፍቱን እያነበቡ ዝርዝራቸውን ጻፉ። በ1974 ከፈነዳው አብዮት ወዲህ አገራችን ባለፈችበት መከራ ዋናው ጠፍቶ ፊልሙ ብቻ የቀረ መጽሐፍ አለ። ያ ፊልም ዛሬም የሚነበበው ማንም የይለፍ ቃል ማስታወስ ስላላስፈለገው ነው። ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃዋል።

በሌላ በኩል የከተማችን 43 ጊጋባይት አለ፤ የሚነበብ ፋይል በሌባ እጅ ሲገባ ምን እንደሚከተል አይተናል። እኔ የምከተለው መለያ እንዲህ ነው። ቢሰረቅ የሚጎዳችሁን፣ የግብር ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ሰነድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የሐኪም መረጃ፣ አመስጥሩት። ቢጠፋ የሚያስለቅሳችሁን፣ የሠርግ ፎቶ፣ የእናታችሁን ድምፅ፣ አገር ቤት ያለ የአያት ቤት ምስል፣ ቢያንስ አንድ ያልተቆለፈ ቅጂ ይኑረው፤ በታመነ ዘመድ ቤት፣ በሌላ ዲስክ ላይ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ልጅ የይለፍ ቃላችሁን አያውቅም።

የሚመሰጠረውን በተመለከተ፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጻፉት። «ወረቀት ላይ አትጻፉ» የሚለው ምክር ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የተሰጠ ነው፤ ለቤት ባክአፕ አይሠራም። ከፓስፖርታችሁና ከልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አኑሩት። ስትጽፉት ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከኤል ለይታችሁ በትልቁ ጻፉ፤ የየትኛው ባክአፕ እንደሆነ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደተሠራና ቀኑንም አስፍሩ። ከዚያ በዚያው ቀን፣ ዋናው ፋይል ሳይጠፋ፣ ወረቀቱን እያያችሁ ባክአፑን ክፈቱት፤ የሚቻል ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር። አንድ ፎቶ አውጥታችሁ እዩ። ፕሮግራሙ «ባክአፑ ተሳክቷል» ማለቱ መጻፉን እንጂ መከፈቱን አያረጋግጥም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን፣ ድገሙት። ኮምፒውተር ለሌላችሁ ዴልና ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ባለው የሮንዶ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር አለ፤ ሆኖም የግል ሰነድና የይለፍ ቃል በሕዝብ ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱ፤ እዚያ ስለ ፕሮግራሙ ማንበብና መማር ትችላላችሁ።

አሁን ተቆልፎባችሁ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ምንም ከመሞከራችሁ በፊት የባክአፑን ፋይል እንዳለ ገልብጡና ቅጂው ላይ ሥሩ። የይለፍ ቃሉን መጀመሪያ ክፍት በሆነ ቦታ፣ በማስታወሻ ላይ፣ ጽፋችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ከዚያ ቅዱት። ባክአፑን የሠራችሁበት አሮጌ ኮምፒውተር ካለ እዚያው ሞክሩ፤ ኪቦርዱም ተቀምጦ የቀረ የይለፍ ቃልም እዚያ ሊኖር ይችላል። ሌላ የቆየ ባክአፕ ካላችሁ በዚያው የይለፍ ቃል ይከፈት እንደሆነ እዩ። ያኛው ከተከፈተ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሊሆን፣ የተበላሸውም ፋይሉ ሊሆን ስለሚችል ግምታችሁን ትታችሁ ፋይሉን ወደ ማስጠገን ሂዱ።

በገንዘብ እንከፍትላችኋለን የሚሉ ይመጣሉ። ሐቀኞቹ የሚያደርጉት እናንተ የምታስታውሱትን ይዘው ብዙ ግምት በኮምፒውተር መሞከር ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው ስለ ትዝታችሁ ይጠይቃሉ፣ ውጤቱንም አያረጋግጡም። ምንም ሳይጠይቅ «በእርግጠኝነት እከፍታለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቀውን አትመኑ፤ በደንብ የተመሰጠረን ባክአፕ ያለ ይለፍ ቃሉ የሚከፍት ሰው የለም። ለማንም ቢሆን የምትጠቀሙባቸውን ሌሎች የይለፍ ቃሎች ዝርዝር አሳልፋችሁ አትስጡ።

ያልተከፈተውንም ባክአፕ አታጥፉት። የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ደብተር ከዓመታት በኋላ ዕቃ ሲጓጓዝ ሊገኝ ይችላል። በዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው፤ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት።